የፎቶ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች የፈጠራ መሣሪያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብርሃንና ቀለም ከማረም አልፈው በፎቶ አዲስ ነገር መሥራት ለሚፈልጉ፣ ከቀላሉ ጥያቄ ወደ ከባዱ።

ፎቶ ማረምና ፎቶ ማቀናበር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ማረም ሲባል ብርሃኑን፣ ንፅፅሩንና የቀለም ሚዛኑን አስተካክሎ ካሜራው የያዘውን ዓይን ወዳየው ማቅረብ ነው። ማቀናበር ደግሞ ካሜራው ፊት ያልነበረ ነገር ማምጣት፣ የነበረውን ማንሳት ወይም መልኩን መለወጥ ነው። ለዚህኛው የሚያገለግሉት ሌየር፣ ማስክ፣ ብሌንድ ሞድ (አንዱ ምስል ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበት ስልት)፣ ብሩሽ፣ ግራዲየንት (ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ቀስ በቀስ መሸጋገሪያ)፣ ክሎን ስታምፕ፣ ሊኩዊፋይ (ቅርጽ መግፊያና መሳቢያ) እና የመሳሰሉት ናቸው።

በሁለቱ መካከል ጥብቅ አጥር የለም። ከርቭ የሚባለው የብርሃን ማስተካከያ መሣሪያ የደበዘዘ ፎቶ ለማፍካትም፣ ቀን የተነሳን ፎቶ ምሽት ለማስመሰልም ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ፦ መጀመሪያ አርሙ፣ ከዚያ አቀናብሩ። ሰማያዊ ቀለም የተጫነውን ፎቶ ሳያርሙ ከሌላ ፎቶ ጋር ካዋሃዱት፣ በኋላ ቀለሙን ለማስተካከል ሲሞክሩ ደህናው ፎቶ አብሮ ይበላሻል።

በየትኛው ሶፍትዌር ልጀምር? በነፃ የሚገኝስ አለ?

ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣ ጀምሮ የሙያው መለኪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ የሚገኘው ግን በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ነው። ከነፃዎቹ ጊምፕ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 3.0 የተባለው ስሪቱ ፊልተር ከጨመሩ በኋላ ተመልሶ ማስተካከል ስለሚያስችል ከድሮው በጣም ተሻሽሏል። ፎቶፒ ምንም መጫን ሳያስፈልግ በብሮውዘር ይከፈታል፣ የፎቶሾፕ ፋይሎችንም ያነባል። ክሪታ ለሥዕል የተሠራ ነው፤ ፎቶ ላይ በብሩሽ መሳል ለሚወዱ ግን ይመቻል። ላይትሩምና ዳርክቴብል ብዙ ፎቶ በፍጥነት ለማረምና ለማደራጀት ናቸው፤ ሁለት ፎቶ ለማዋሃድ አይመከሩም።

ምክሬ አሁን እጃችሁ ላይ ባለው እንድትጀምሩ ነው። ሌየር፣ ማስክና ብሌንድ ሞድ ለቅንብር በተሠሩት ሶፍትዌሮች ሁሉ ውስጥ አሉ። አንዱ ላይ የተማራችሁት ሌላው ላይ ይሠራል፤ የሚለያየው ቁልፉ ያለበት ቦታ ነው።

በስልክ ብቻ መሥራት ይቻላል?

ለብዙ ሥራ፣ አዎ። ለምሳሌ ስናፕሲድ ሁለት ፎቶ ማዋሃጃ አለው፤ የሠራችሁትን እያንዳንዱን ለውጥ ከዝርዝሩ መርጣችሁ የፎቶው አንድ ክፍል ላይ ብቻ እንዲቀር ማድረግም ይቻላል። ችግር የሚመጣው ጣት የሚፈልጉትን ጠርዝ ራሱን ሲሸፍነው ነው። ፀጉር ዙሪያ ወይም ቅጠል መካከል ለሚሠራ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ እስክሪብቶ ያለው ታብሌት ወይም ኮምፒውተር ይሻላል።

ሌየር ምንድን ነው? ለምንስ ሁሉም ስለሱ ያወራል?

ሌየር እላይ በላይ እንደተደረደሩ መስታወቶች ነው፤ እያንዳንዱ ላይ የተለያየ ነገር አለ፣ ከላይ ስናየው ግን አንድ ሥዕል ይሆናል። አንዱን ብታንቀሳቅሱት፣ ብታደበዝዙት ወይም ብታጠፉት የተቀሩት አይነኩም።

ፎቶሾፕ ላይ ሌየር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1994፣ በ3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቁራጭ ፎቶ ላይ ለጥፋችሁ ምርጫውን ከለቀቃችሁት ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሃዳል፣ መልሶ መነጠልም አይቻልም ነበር። ዛሬ ያ ችግር የለም። ስለዚህ አዲስ ነገር በጨመራችሁ ቁጥር አዲስ ሌየር ክፈቱ፣ ስምም ስጡት። ሌየሮቹ ሲበዙ ስም የሌለው ሌየር ፍለጋ ከሥራው በላይ ያደክማል።

ዋናውን ፎቶ ሳላበላሽ እንዴት ልሥራ?

ሦስት ልማዶች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ብርሃንና ቀለም ስትለውጡ ፎቶው ላይ በቀጥታ ሳይሆን አድጀስትመንት ሌየር በሚባለው ላይ አድርጉት። ይህ ሌየር የያዘው ፒክስል ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ ከወር በኋላም ከፍታችሁ ቁጥሩን መለወጥ ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ፎቶሾፕ ላይ ከሆናችሁ ከሌላ ቦታ ያመጣችሁትን ፎቶ ወደ ስማርት ኦብጀክት ለውጡት። ተራ ሌየር አንዴ ካነሰ በኋላ መልሶ ሲተልቅ ይደበዝዛል፤ ስማርት ኦብጀክት ግን ሙሉውን ፎቶ በውስጡ ስለሚይዝ አንሶ ሲመለስ ጥራቱን አያጣም።

ሦስተኛው የፋይሉ ጉዳይ ነው። ሥራችሁን ሌየሮቹን በሚጠብቅ ዓይነት አስቀምጡ፦ ፎቶሾፕ ላይ ፒኤስዲ፣ ጊምፕ ላይ ኤክስሲኤፍ። ጄፔግ ለመላክና ለመለጠፍ ብቻ ይሁን። ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ዓይን ብዙ የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣለ ነው የሚያሳንሰው። አርማችሁ እንደገና ሴቭ ባደረጋችሁት ቁጥር ሌላ ዝርዝር ይጥላል፣ የተጣለው ደግሞ አይመለስም።

ማስክና ማጥፊያ ምን ያለያያቸዋል?

ማጥፊያ ፒክስሉን ይጥለዋል። ማስክ ይሸፍነዋል። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ማስክን የሚያክል የለም።

ማስክ ሌየሩ ላይ የሚለጠፍ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ነጭ የሆነበት ቦታ ሌየሩ ይታያል፣ ጥቁር የሆነበት ይሰወራል፣ ግራጫ የሆነበት በከፊል ያሳልፋል። በጥቁር ብሩሽ ሸፍናችሁ ካበዛችሁት በነጭ ብሩሽ ትመልሱታላችሁ። ፎቶሾፕም ጊምፕም ላይ የኤክስ ቁልፍ ሁለቱን ቀለማት ያቀያይራል፤ የዲ ቁልፍ ወደ ጥቁርና ነጭ ይመልሳል። እነዚህን ሁለት ቁልፎች እጃችሁ እስኪለምድ ተለማመዱ።

ጥሩ ማስክ የሚሠራው ደግሞ በትዕግሥት ነው። ለስላሳ ጠርዝ ያለው ብሩሽ ይዛችሁ ፍሎውን (ብሩሹ በአንድ ጊዜ የሚያፈሰውን የቀለም መጠን) ከ10 እስከ 20 በመቶ አውርዱና ደጋግማችሁ በማለፍ ቀስ በቀስ ሸፍኑ። ጠርዙ ግን እንደ ነገሩ ይለያያል፦ ግንብ ስል ጠርዝ አለው፣ ከትኩረት የወጣ ትከሻ ግን የለሰለሰ ጠርዝ አለው፤ ሁሉንም በአንድ ብሩሽ መሸፈን ሥራውን ያጋልጣል። አልትን ይዛችሁ ማስኩን ብትነኩት ማስኩ ብቻውን በጥቁርና ነጭ ይከፈታል፣ ያመለጧችሁ ነጠብጣቦች ያኔ ይታያሉ። ጀማሪዎች በብዛት የሚጠይቁት «ማስክ ስሠራ ፎቶው ላይ ጥቁር ቀለም ይቀባብኛል» የሚለውን ነው። ምክንያቱ የተመረጠው ከማስኩ ይልቅ ፎቶው መሆኑ ነው፤ ከመቀባታችሁ በፊት የማስኩን ትንሽ ምስል አንዴ ንኩት።

ፀጉርን ከጀርባው እንዴት በንጽህና ልነጥል?

አሁን ያሉት ሶፍትዌሮች ሰውን ራሳቸው ለይተው ይመርጣሉ፤ በዚያ ጀምሩ። ፀጉሩ ጋ ሲደርሱ ግን ብዙ ጊዜ ይስታሉ። ያን ጊዜ የድሮው መንገድ ይረዳል። ፎቶው የተሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቻናል ነው። ሦስቱን አንድ በአንድ ተመልከቱና ፀጉሩ ከጀርባው በጣም የሚለይበትን ቻናል ቅዱ። በሌቭል (የጥቁርና የነጭ ደረጃ ማስተካከያ) ጥቁሩን አጥቁሩት፣ ነጩን አንጡት፣ ውስጡን በብሩሽ ሙሉት። ሰውየው ጥቁር ሆኖ ከወጣ በኢንቨርት ወደ ነጭ ገልብጡት፤ እጃችሁ ላይ ያለው ዝግጁ ማስክ ነው። በተለይ ጥቁር ፀጉር በብሩህ ጀርባ ላይ ሲሆን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

በተነጠለው ፀጉር ዙሪያ የድሮው ጀርባ ቀለም ከቀረ ከላይ አዲስ ሌየር ክፈቱ፣ ብሌንድ ሞዱን «ከለር» አድርጉና የፀጉሩን ቀለም በስሱ ቀቡበት። የጎደሉ ክሮችን በቀጭን ብሩሽ መሳልም አያሳፍርም፤ ባለሙያዎቹም ይሥሉታል።

ብሌንድ ሞዶቹ በጣም ብዙ ናቸው፤ የትኞቹን ልወቅ?

አራቱን ካወቃችሁ አብዛኛው ሥራ ይሠራል። ከጀርባቸው ያለው ሒሳብ ቀላል ስለሆነ ከመሸምደድ መረዳቱ ይቀላል። ጥቁርን 0፣ ነጭን 1 እንበል። ማልቲፕላይ የላዩን በታቹ ያባዛል። በ1 የተባዛ ነገር አይለወጥም፣ ስለዚህ ነጭ ይጠፋል። 0.5 በ0.5 ሲባዛ 0.25 ነው፣ ስለዚህ የቀረው ሁሉ ይጠቁራል። በነጭ ወረቀት ላይ የተሣለ ሥዕል ወይም የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ላይ ማሳረፍ ስትፈልጉ ማልቲፕላይ በአንድ ንክኪ ወረቀቱን ያጠፋላችኋል። ጥላም የሚሠራው በሱ ነው።

ስክሪን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጥቁሩ ይጠፋል፣ የቀረው ይፈካል። በጥቁር ጀርባ የተነሳ ጭስ፣ ዝናብ፣ ርችት፣ የእሳት ፍንጣሪ በዚህ ይገባል። ኦቨርሌይ ደግሞ ከሥሩ ያለው ጨለማ ከሆነ እንደ ማልቲፕላይ፣ ብሩህ ከሆነ እንደ ስክሪን ይሠራል፤ ውጤቱ ንፅፅሩ የጨመረ ፎቶ ነው። በኦቨርሌይ 50 በመቶ ግራጫ ምንም ለውጥ አያመጣም። ይህ ትልቅ በር ይከፍታል፦ በግራጫ የተሞላ ሌየር በኦቨርሌይ አድርጋችሁ በነጭ ብሩሽ ብትቀቡበት ሥሩ ያለው ይበራል፣ በጥቁር ብትቀቡበት ይጨልማል። የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች በጨለማ ክፍል ውስጥ የብርሃኑን መንገድ በእጃቸው እየከለሉ የሚሠሩትን ማብራትና ማጥቆር፣ ፎቶውን ሳትነኩ ትሠሩታላችሁ። አራተኛው ከላይ የጠቀስነው ከለር ነው፤ ብርሃኑን ከሥር፣ ቀለሙን ከላይ ይወስዳል። ጥቁርና ነጭ ፎቶን ለማቅለም የሚያገለግለው እሱ ነው።

አንድ ልጨምር፣ ዲፈረንስ የሚባለውን። ለውበት ብዙም አይውልም፣ ግን ሁለት ተመሳሳይ ፎቶዎችን በትክክል ለመደራረብ ተወዳዳሪ የለውም። በትክክል በገጠሙበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ይሆናል።

ክሎን ስታምፕና ሂሊንግ ብሩሽ አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ክሎን ስታምፕ ከአንድ ቦታ የወሰደውን እንዳለ ይለጥፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በፎቶሾፕ 7.0 የመጣው ሂሊንግ ብሩሽ ግን ሸካራነቱን ከምንጩ ወስዶ ቀለሙንና ብርሃኑን ከአዲሱ ቦታ ጋር ያስማማል። ለቆዳ፣ ለሰማይ፣ ለግድግዳ ሂሊንግ ይሻላል። ሁለት የተለያዩ ቀለማት የሚገናኙበት ጠርዝ አጠገብ ግን ሂሊንግ የጎረቤቱን ቀለም ስቦ ያደበዝዛል፤ እዚያ ክሎን ስታምፕ ያዙ። በሁለቱም ምንጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ አንድ ጠጠር ሦስት ቦታ ከታየ ሥራው ይታወቃል።

የገዛሁት ፕሪሴት ማስታወቂያው ላይ እንደሚታየው ለምን አልሆነልኝም?

ፕሪሴት የተቀመጡ ቁጥሮች ስብስብ ነው፤ ፎቶውን አያይም። ፀሐይ ስትጠልቅ ለተነሳ ፎቶ የተዘጋጁ ቁጥሮች የቤት ውስጥ መብራት ላይ ሲያርፉ ሌላ ነገር ይሆናሉ። መጀመሪያ ብርሃኑንና የቀለም ሚዛኑን አርሙ፣ ከዚያ ፕሪሴቱን አድርጉ፣ መጠኑንም ቀንሱት። ቁጥሮቹን ከፍታችሁ ምን እንደተነካ ብታነቡ ደግሞ ከፕሪሴቱ የበለጠ ትጠቀማላችሁ።

ደብል ኤክስፖዠር እንዴት ይሠራል?

ደብል ኤክስፖዠር አንዱ ፎቶ በሌላው ውስጥ የሚታይበት ቅንብር ነው። ብሩህ ጀርባ ያለውና ጥላው የጠቆረ የአንድ ሰው የጎን ፎቶ ምረጡ። ከላዩ ዛፍ፣ ባሕር ወይም የከተማ ፎቶ አድርጉና ወደ ስክሪን ለውጡት። ነጭ ጀርባው እንደነጣ ስለሚቀር ሁለተኛው ፎቶ የሚወጣው ጥቁሩ ቦታ ላይ፣ ሰውዬው ውስጥ ብቻ ነው። ዓይንና ከንፈር ላይ በማስክ ትንሽ ካነሳችሁለት ፊቱ ይመለሳል። የዚህ ሥራ ስኬት ከሶፍትዌሩ ይልቅ በፎቶ ምርጫው ላይ ነው።

ሁለት ፎቶ ሳዋህድ ለምን ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል?

አብዛኛው ሰው ጥፋቱን ጠርዙ ላይ ይፈልጋል። ጠርዙ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ የሚያጋልጠው ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ ከየት ይመጣል? የጀርባው ፎቶ ላይ ጥላው ወደ ቀኝ ከወደቀ፣ የሰውየው አፍንጫ ጥላ ወደ ግራ ሊወድቅ አይችልም። ጠንካራ ፀሐይ ስል ጥላ ያወጣል፣ ደመና የለሰለሰ ጥላ። ይህ ካልገጠመ የትኛውም መሣሪያ አያድነውም፤ ሌላ ፎቶ ፈልጉ።

ቀጥሎ የአድማሱን ከፍታ እዩ። ሜዳማ ቦታ ላይ አድማሱ ሁልጊዜ በካሜራው ከፍታ ነው የሚያልፈው። ካሜራው በቆመ ሰው ዓይን ትክክል ከነበረ፣ ያ ቁመት ያላቸው ሰዎች ሁሉ፣ ቅርብም ይሁኑ ሩቅ፣ ዓይናቸው አድማሱ ላይ ይውላል። የጨመራችሁት ሰው ግዙፍ ወይም ድንክ የሚመስለው ይህ ስለሚዛባ ነው።

ከዚያ ጥቁሩን አስማሙ። ሩቅ ያለ ነገር በአየሩ ምክንያት ፍጹም ጥቁር አይኖረውም፤ ወደ ሩቅ ያስገባችሁትን ነገር በከርቭ ጥቁሩን አንሱለት። እግር መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ጠባብና ጥቁር የሆነ ጥላ ጨምሩ፤ እሱ ከሌለ ሰውየው ይንሳፈፋል። በመጨረሻም የሁለቱን ፎቶዎች የብዥታና የኖይዝ (ፎቶ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች) መጠን አመሳስሉ፤ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚሸፍን ስስ ኖይዝ መጨመር ብዙ ልዩነት ይደብቃል።

ለመፈተሽ፣ ከሁሉ በላይ ጊዜያዊ የጥቁርና ነጭ ሌየር አድርጉ። ቀለም ሲወጣ የብርሃን ልዩነት ወለል ብሎ ይታያል። ፎቶውን ግራ ቀኝ መገልበጥና በጣም አሳንሶ ማየትም የለመደ ዓይን የዘለለውን ያሳያል።

ቆዳ ሳለሰልስ ለምን ፕላስቲክ ይመስላል?

ብዥታ ሽፍታውን ሲያጠፋ የቆዳውን ቀዳዳና ሸካራነት አብሮ ስለሚያጠፋ ነው። ብጉርና ጭረትን በሂሊንግ ብሩሽ አንድ በአንድ አንሱ። የቀረው ችግር ብዙውን ጊዜ የብርሃን መዥጎርጎር ነው፣ ለሱ ከላይ የተገለጸው የግራጫ ሌየር ይበቃል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ቆዳውን ግን ቆዳ አድርጎ ይተወዋል። ሲያልቅ የሌየሩን ኦፓሲቲ (የሚታይበትን መጠን) ወደ ግማሽ አውርዳችሁ እዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ይበልጣል። ጠባሳን፣ የትውልድ ምልክትንና የፊት ቅርጽን ግን ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትንኩ።

ሰማዩ ላይ መስመር መስመር የሚወጣብኝ ለምንድን ነው?

ባለ 8 ቢት ፎቶ በአንድ ቻናል 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ሰማይ ግን ጥቂቶቹን ደረጃዎች በሰፊ ቦታ ላይ ይዘረጋቸዋል፤ በከርቭ ስትለጥጧቸው በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንደ መስመር ይታያል። ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል (ካሜራው የቀረጸው ጥሬ ፋይል) 16,384 ደረጃ አለው፤ ስለዚህ ሮው አንሱ፣ በ16 ቢትም አቀናብሩት። ያላችሁ ጄፔግ ብቻ ከሆነ ወደ 16 ቢት መለወጡ የጠፋውን አይመልስም፤ ቀጣዩን ጉዳት ይቀንሳል እንጂ። የወጣውን መስመር ለመደበቅ ስስ ኖይዝ ጨምሩበት።

ኮምፒውተሬ ላይ ያማረው ቀለም ስልክ ላይ ወይም ሲታተም ለምን ይለወጣል?

ለኢንተርኔት የሚሄድ ፎቶ ኤስአርጂቢ ወደሚባለው የቀለም ክልል ተለውጦ ይውጣ። አዶቤ አርጂቢ ሰፋ ያለ ቀለም ይይዛል፤ ይህን የማይረዳ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት ግን ይደበዝዛል። ስትለውጡ «ኮንቨርት» የሚለውን ተጠቀሙ፤ «አሳይን» ቁጥሮቹን ሳይነካ ትርጉማቸውን ብቻ ስለሚቀይር ቀለሙ ይዘበራረቃል።

የታተመው ጠቆር የሚለው ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ከመጠን በላይ ስለበራ ነው። ስትሠሩ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ የማተሚያ ቤቱንም የቀለም ፕሮፋይል ጠይቁ። ለመጠኑ፣ በ300 ፒክስል በኢንች 3,000 ፒክስል ርዝመት ያለው ፎቶ 10 ኢንች፣ ማለትም 25 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣዋል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሞሉትን መሣሪያዎች ልጠቀም?

ተጠቀሙባቸው፣ ምን እንደሚሠሩ አውቃችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው የፎቶሾፕ ኮንቴንት አዌር ፊል ጎደሎውን የሚሞላው ከፎቶው ከራሱ ቃርሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው ጄኔሬቲቭ ፊል ግን በብዙ ምስሎች ከሠለጠነ ሞዴል አዲስ ነገር ይፈጥራል። ሣርን፣ አሸዋን፣ ሰማይንና ግድግዳን ማስፋት ላይ ድንቅ ነው። ጣት፣ ጽሑፍና የተደጋገመ ጥለት ላይ ይሳሳታል፤ ያወጣው ክፍል ከቀሪው ፎቶ ይልቅ የለሰለሰ መሆኑም ይታያል። አጉልታችሁ ፈትሹ፣ ኖይዙንም አመሳስሉ።

ብዙዎቹ ሥራውን የሚሠሩት ፎቶውን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ልከው ነው። የታካሚ፣ የሕፃን ወይም በአደራ የተሰጣችሁ ሰነድ ፎቶ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ማቀናበር ማታለል የሚሆነው መቼ ነው?

ጥያቄው ከኮምፒውተር ይቀድማል። ኦስካር ሬይላንደር እ.ኤ.አ. በ1857 ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን አዋህዶ አንድ ትልቅ ፎቶ ሠርቶ ነበር፤ እንደ ሥነ ጥበብ ነው ያቀረበው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የጊዛ ፒራሚዶችን ለሽፋኑ እንዲመቹ ሲያቀራርባቸው ግን ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። ተመልካቹ የጠበቀው የቦታውን እውነተኛ መልክ ነበርና።

መለኪያው መሣሪያው ሳይሆን ለተመልካቹ የተሰጠው ቃል ነው። ለዜና፣ ለማስረጃ ወይም ለሚሸጥ ዕቃ በሚቀርብ ፎቶ ላይ መጨመርም መቀነስም አይገባም። ወርልድ ፕሬስ ፎቶን የመሰሉ ውድድሮች የዜና ፎቶ ላይ ይህን ይከለክላሉ፣ ወደ መጨረሻው ዙር የሚያልፉትንም ዋናውን የካሜራ ፋይል ይጠይቃሉ። ለሥነ ጥበብ ግን በሩ ክፍት ነው፤ መግለጫው ላይ «ቅንብር» ብላችሁ ጻፉበት፣ የተዋሃዱትን ፎቶዎች ዋና ፋይሎችም ባለሌየሩ ፋይል ካለበት ፎልደር ውስጥ አብራችሁ አስቀምጡ።